ቀድሞ ለመግባት ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ይገባልን?

የደብረ ታቦር ልጆች የሆናችሁ ሁሉ የነሐሴ 12ን ምሽት ታውቁታላችሁ። ጅራፉ ይጮኻል፤ ችቦው ይበራል፤ ወንዶች ልጆች በየቡድናቸው ተሰልፈው ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። በዚያ ምሽት ከሌሎች ቀድሞ ከደጅ የደረሰው ቡድን ትኩሱንና ትልቁን ሙልሙል ይቀበላል፤ ዘግይቶ የመጣው ግን የተረፈውን፥ አንዳንድ ጊዜም ባዶ እጁን ይዞ ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ ልጆቹ የትኛው ቤት አስቀድሞ መጎብኘት እንዳለበት ከቀን ጀምረው ይመክራሉ፤ ሲመሽም ይሮጣሉ። ቀድሞ መድረስ ጥቅም እንዳለው ማንም አላስተማራቸውም፤ ራሳቸው ደርሰውበታል። ነገር ግን የዚያ ምሽት ዋጋ የሚከፈለው በእግር ነው። የባለጠጋ ልጅ በኪሱ ገንዘብ ቢይዝ እንኳ፥ ከደጅ ቆሞ ከሚጨፍረው ቡድን ፊት የሚቆምበትን ቦታ የሚሸጥለት ሰው አያገኝም።

እንዲህ ያለው ቦታ በገንዘብ የሚሸጥበት ስፍራ ግን በዓለም ላይ አለ። በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፥ በ1955 እ.ኤ.አ. ዲዝኒላንድ የሚባል ሰፊ የመዝናኛ ፓርክ ተከፈተ። በኋላም በፍሎሪዳና በሌሎች አገሮች አምሳያዎቹ ተሠሩ። ወደነዚህ ፓርኮች የሚሄደው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ በአየር ላይ በሚወናጨፈው ባቡር ለጥቂት ደቂቃዎች ለመንሸራሸር አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ተሰልፎ መቆም የተለመደ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፋስት ፓስ የተባለ ሥርዓት ተጀመረ። ይኸውም ጎብኚው ተመልሶ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያመለክት ወረቀት በነጻ ተቀብሎ፥ እስከዚያው ሌላ ነገር እያየ እንዲቆይ የሚያደርግ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ነጻው አገልግሎት ቀርቶ በፍሎሪዳው ፓርክ በገንዘብ የሚገዛ ሌላ ሥርዓት ተተካ፤ ሲጀመር ዋጋው ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ነበር። ከዚህም ሌላ በፓርኩ ባለቤት ሆቴሎች ውስጥ ያደሩ እንግዶች በሩ ለሁሉም ከመከፈቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት እንዲገቡ ይፈቀድላቸዋል። የእነዚህ ሆቴሎች የመኝታ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከጎረቤቶቻቸው የበለጠ ስለ ሆነ፥ የግማሽ ሰዓቱ ዋጋ በአልጋው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይከፈላል ማለት ነው።

ተማሪዎች ሆይ፥ ይህ ጉዳይ ከእናንተ የራቀ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባሠሩት በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የሚገኘው የአንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመረቀ። በተከፈተም ጊዜ የመግቢያው ዋጋ ለአገር ውስጥ ጎብኚ 200 ብር፥ የተለየ መስተንግዶ ለሚሻ ጎብኚ ደግሞ 1000 ብር ነበር። ያው አንበሳ፥ ያው የዙፋን አዳራሽ፥ ያው ግቢ፤ ዋጋው ግን አምስት እጥፍ። ከትምህርት ቤታችሁ አንድ የታሪክ ክበብ ገንዘብ አጠራቅሞ ወደዚያ ሊጓዝ ቢያስብ፥ አባላቱ አስቀድመው የሚከራከሩት በዚህ ነገር ላይ ይሆናል። እኔም በአስተማሪነት ዘመኔ ተማሪዎቼን ይዤ በተጓዝሁ ቁጥር በየበሩ ላይ የዚህን ዓይነት ክርክር ሰምቻለሁ።

ብዙዎች ነገሩን የሚያዩት ከኪሳቸው አንጻር ብቻ ነው። «ገንዘቡ አለኝን? የማተርፈው ጊዜስ ከገንዘቡ ይበልጣልን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም የሚሸጥልን ሰዓት ከየት የመጣ ነው? የሚለው ነው። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ነው።

ያደግሁት ከጉና ተራራ ግርጌ ከሚገኙት መንደሮች በአንዱ ነው። በልጅነቴ በአካባቢያችን በናፍጣ የሚሠሩ ሁለት ወፍጮዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በየገበያው ዕለት እህል በያዙ ሴቶችና ልጆች ይጨናነቁ ነበር። ከገበያው ዕለት ቀደም ብሎ ደግሞ አንድ የእህል ነጋዴ ከአሥር ኩንታል የማያንስ እህል እያመጣ ያስፈጭ ነበር። ነጋዴው ዱቄቱን ለገበያ ማድረስ ስለሚቸኩል፥ ከማስፈጫው ዋጋ በላይ ጨምሮ ይከፍላል። ወደ አንዱ ወፍጮ የሄደ እንደ ሆነ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ስለዚህ ሁለቱም ባለወፍጮዎች በየተራ የእርሱን ተጨማሪ ብር ቀምሰዋል።

የላይኛው ባለወፍጮ ነጋዴው ሲከፍለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ሞተሩን ያስነሣል። በዚያ የጉና ብርድ፥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ፥ የሞተሩ ድምፅ በየመንደሩ ይሰማ ስለ ነበር እናቶቻችን ሰዓቱን በእርሱ ያውቁት ነበር። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እህላችንን በአህያ ጭነን ስንደርስ ነጋዴው ዱቄቱን ጭኖ ሄዷል። ነጋዴው የገዛው የባለወፍጮውን እንቅልፍና የባለወፍጮውን ናፍጣ ነው፤ ከእኛ የወሰደው ነገር የለም። እንዲያውም አንድ ቀን ሞተሩ አስቸግሮ የነጋዴው እህል ሳያልቅ ነጋ። ባለወፍጮው የቀሩትን ጆንያዎች ከወፍጮው አፍ አንሥቶ ከሴቶቹ እህል ኋላ አኖራቸው። ነጋዴው ተቆጣ፤ እርሱ ግን «የከፈልህልኝ ለሌሊቱ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ አልቋል» ብሎ መለሰለት። በልጅነት ጆሮዬ የሰማሁት ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

የታችኛው ባለወፍጮ ያንኑ ብር ይቀበላል፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ግን እንደ ወትሮው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። የነጋዴውን ጆንያዎች ከሌሊት ጀምረው ከተሰለፉት ሴቶች ፊት ይደረድራቸዋል። አንድ ቀን የእናቴን ገብስ ይዤ እዚያ ዋልሁ። ከአጠገቤ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ፥ አንዲት ቁና ጤፍ ብቻ በስልቻ ያዘሉ አሮጊት ነበሩ። ባለወፍጮው «እናቴ፥ ጥቂት ይታገሡ» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ እኔስ እታገሣለሁ፤ ፀሐዩ ግን አይታገሠኝም» አሉት። እኒያ ሴት ተራ የደረሳቸው ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነው። ጨለማው ሳይዛቸው ከቤታቸው እንደማይደርሱ እኔ ልጁ እንኳ ዐውቄ ነበር። ነጋዴው ያን ዕለት የገዛው የእኒያን ሴት ብርሃን ነው፤ ብሩን የተቀበለው ግን ባለወፍጮው ነው።

ልብ በሉ፤ ነጋዴው በሁለቱም ስፍራ የከፈለው ገንዘብ ያው ነው፤ ያገኘውም ጥቅም ያው ነው። ነጋዴውን ብቻ ብንጠይቀው ሁለቱም ወፍጮዎች ገንዘቡ የሚገባቸው ናቸው ይለን ነበር። ልዩነቱ የሚታየው ከኋላ ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው።

ወደ መዝናኛ ፓርኩ ስንመለስ ሁለቱንም ባለወፍጮዎች እዚያ እናገኛቸዋለን። በሩን ለሁሉም ከሚከፍትበት ሰዓት በፊት ሠራተኞቹን ቀስቅሶ፥ ደመወዝ ጨምሮ፥ ለጥቂት ሰዎች ቀድሞ የሚከፍት ፓርክ የላይኛውን ባለወፍጮ ይመስላል። ያልነበረ ሰዓት ፈጥሮ ሸጧልና። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሰልፍ አቁሞ፥ የከፈለውን በፈጣኑ ያልከፈለውን በዘገምተኛው የሚያስተናግደው ግን የታችኛው ባለወፍጮ ወንድም ነው።

የዘገምተኛውን ሰልፍ ነገር በቁጥር እንየው። አንድ የሚሽከረከር መጫወቻ በሰዓት 100 ሰው ያስተናግዳል እንበል። ከፊታችሁ 50 ሰዎች ቆመዋል። ሰልፉ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራችሁ በግማሽ ሰዓት ይደርስ ነበር። የፓርኩ ባለቤት ግን ከመቶው ቦታ ሰማንያውን ለከፈሉት ቢሰጥ ለእናንተ ሰልፍ የሚተርፈው በሰዓት ሃያ ቦታ ብቻ ነው፤ እነዚያኑ ሃምሳ ሰዎች ለማሳለፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መጫወቻው አልፈጠነም፤ አንድም ወንበር አልተጨመረበትም። የከፋው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ የዘገምተኛው ሰልፍ በረዘመ ቁጥር የፈጣኑ ዋጋ ይወደዳል። እንግዲህ ሻጩ ሰልፉን ለማሳጠር የሚያተጋው ምን ምክንያት አለው? ሰልፉ ራሱ ሸቀጡ ሆኗል።

ቀድሞ በሚከፈተው በር ላይም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። ከግማሽ ሰዓት በፊት የገቡት ሰዎች በቀጥታ የሚሮጡት እጅግ ወደ ተወደደው መጫወቻ ነው። በሩ ለሁሉም ሲከፈት ሌላው ሕዝብ እየሮጠ ደርሶ እነርሱን በሰልፍ ላይ ያገኛቸዋል። የላይኛው ባለወፍጮ «ሌሊቱ አልቋል» ብሎ ጆንያዎቹን ወደ ኋላ እንደ መለሰ፥ እንዲህ የሚያደርግ ፓርክ ስለ መኖሩ አልሰማሁም። ሆኖም ይህ ትርፍራፊ ጉዳት ቀኑን ሙሉ ከሚዘልቀው ሁለተኛ ሰልፍ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። ቀድሞ መግባት ለገዢው የሚጠቅመው ገዢዎቹ ጥቂቶች እስከ ሆኑ ድረስ ብቻ ነው። የቡሄ ልጆች ሁሉ ወደ አንድ ደጅ በአንድ ጊዜ ቢደርሱ ቀዳሚ የሚባል ቡድን አይኖርም፤ እንዲሁም ጎብኚው ሁሉ ተጨማሪውን ዋጋ ቢከፍል ሁሉም ገንዘቡን አውጥቶ በቀድሞው ቦታው ይቆማል። ከዚህም በቀር፥ በሥራ ቀን ወይም ከበዓል ሰሞን ውጭ ለሚሄድ ሰው ሰልፍ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል፤ ባዶ በር ላይ ቅድሚያ መግዛት ገንዘብን ወደ ጣና መወርወር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ጥቅም ማልዶ በመነሣት ይገኛል። የደጋ ልጅ ለሆናችሁት ደግሞ ማልዶ መነሣት አዲስ ነገር አይደለም። ከብት አሰማርታችሁ፥ ውኃ ቀድታችሁ ትምህርት ቤት የምትደርሱ ስንት ናችሁ! የከተማው ሰው በገንዘብ የሚገዛውን የማለዳ ሰዓት እናንተ በነጻ ስትኖሩበት ኖራችኋል።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ እንደ ወደድሁ ባወጣው ማን ይከለክለኛል?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ብዙ አልደክምም፤ የእርስዎ ገንዘብ መሆኑ አልተካደም፤ የጠየቅነው ስለ ሰዓቱ ባለቤት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ግን ከባድ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ፥ ገንዘቡ ተጠራቅሞ፥ ፈቃድ ተገኝቶ እዚያ የደረሰ ተማሪ ምናልባት የሚኖረው አንድ ቀን ብቻ ነው። አራት ኪሎ ተወልዶ ያደገው ልጅ ዛሬ ሰልፍ ቢበዛበት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል፤ የእኛው ተማሪ ግን የሚመለስበትን ዓመት አያውቅም። ለእርሱ አንዲት ሰዓት ለአራት ኪሎው ልጅ ካላት ዋጋ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። እንዲህ ያለው ተጓዥ ተጨማሪ ቢከፍል እንዴት ይነቀፋል? ይሉናል። እውነት ነው፤ አይነቀፍም። አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ፥ በሩም በእውነት ለእኔና ለመሰሎቼ ቀደም ብሎ የሚከፈት ቢሆን፥ እኔም እከፍላለሁ። ነገር ግን ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ተጨማሪውን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ከሩቅ የመጣው አይደለም፤ የከበደው ኪስ ያለው ነው። ከሩቅ የመጣው ገንዘቡን በመንገድ ጨርሶ ነው የደረሰው። የጊዜን ጥበት የሚመዝን በር ቢኖር ኖሮ መልካም ነበር፤ የገንዘብ በር ግን የሚመዝነው ገንዘብን ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መዝናኛ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ ከተበላሸ የዕረፍት ቀን አያልፍም ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ልማዱ በመዝናኛ በር ላይ ብቻ አይቆምም። በየመናኸሪያው ከታሪፍ በላይ ተቀብሎ ሰልፍ የሚያስዘልል ደላላ አይታችኋል። አውቶቡሱ 60 ወንበር ካለው የደላላው ብር ስልሳ አንደኛ ወንበር አይሠራም፤ ቀርቶ የሚያድረው ሰው ይለወጣል እንጂ ቁጥሩ አይቀንስም። ይህ የታችኛው ወፍጮ ነው፤ ያውም በጓዳ በር። በሌላ በኩል መንግሥት ራሱ በግልጽ ያወጣው ዋጋ አለ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የክፍያ ደንብ መሠረት አዲስ ፓስፖርት በመደበኛው አገልግሎት 5,000 ብር፥ በአምስት ቀን እንዲደርስለት ለሚፈልግ 20,000 ብር፥ በሁለት ቀን እንዲደርስለት ለሚፈልግ ደግሞ 25,000 ብር ሆኖ ተወሰነ። ይህን በደፈናው መልካም ወይም ክፉ ልለው አልፈልግም። ታሞ ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የሚሄድ ሰው መቸኮሉ ግድ ነው። የምንጠይቀው ያንኑ የወፍጮ ቤት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በተጨማሪው ገንዘብ ማታ የሚሠሩ ሠራተኞችና መሣሪያዎች ተጨምረው እንደ ሆነ፥ ወይስ የመደበኛው አመልካች ማመልከቻ ከታች ተደርጎ የአስቸኳዩ ከላይ ተቀምጦ እንደ ሆነ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ከተሠራ ባለ 5,000 ብሩ ሰው የሚያጣው ቀን የለም። በሁለተኛው ከተሠራ ግን እንደዚያች ባለ አንድ ቁና ሴት ፀሐዩ ይመሽበታል። ወረፋው ደግሞ የባቡር መጫወቻ አይደለም፤ የትምህርት ዕድል ወይም እንጀራ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ታሪክ ክበቡ ተማሪዎች እንመለስ። አባላቱ 40 ናቸው እንበል፤ ለስሌታችንም ፓርኩ ሲከፈት የነበረውን ዋጋ እንያዝ። በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ተማሪ 800 ብር ነው። ስድስት ተማሪዎች ብቻ የሚችሉ ሆነው ቢከፍሉ፥ አንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ፥ አንድ ዳቦ ቆርሶ የመጣው ክፍል ከበሩ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲመለሱም በመንገድ ላይ የሚያወጉት አንድ ጉዞ አይኖራቸውም። ይህን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምናገረው። በሌላ ስፍራ፥ በሌላ ዘመን ነበር፤ ከመግቢያው በኋላ የነበረው ዝምታ ግን አሁንም ይታወሰኛል። አርባውም ቢከፍሉ ደግሞ ጠቅላላው ተጨማሪ ወጪ 32,000 ብር ይሆናል።

ስለዚህ የክበቡ መሪ ብሆን ኖሮ የመደበኛውን ቲኬት አስቈርጣለሁ። ጉዞውን ከእሑድና ከበዓል አርቄ በሥራ ቀን አደርገዋለሁ፤ ሌሊቱን ከበሩ በማይርቅ ስፍራ አሳድሬ፥ ገና ሳይከፈት ከደጁ እንዲቆሙ እቀሰቅሳቸዋለሁ። 32,000 ብሩንስ? ስም ከተጻፈ በኋላ የመሳፈሪያው መዋጮ ሲጠየቅ ድምፃቸውን አጥፍተው ስማቸውን የሚያሰርዙ ሁለት ሦስት ተማሪዎች በየክፍሉ አይጠፉም። የእነርሱ ስም ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ አደርግበታለሁ።